ጭረት ማጥፋቱ ቀላሉ ሥራ ነው፦ ስለ ለስላሳ የመኪና ቀለም፣ ስለ ፓድና ስለ ፖሊሽ

እንደምን ዋላችሁ። ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ግማሾቻችሁ በዚሁ ሥራ ላይ ያላችሁ ናችሁ። ግማሾቻችሁ ደግሞ የራሳችሁን መኪና በራሳችሁ እጅ ማሳመር የምትፈልጉ። ለሁላችሁም የምለው ያው አንድ ነገር ነው።

ጠረጴዛው ላይ የተጋደመውን በር አያችሁት? ጥቁር ነው። ከአሮጌ መኪና የተፈታ ነው። በወረቀት ፕላስተር ለአራት ከፍዬዋለሁ። ከንግግሩ በኋላ በዚህ በእጄ በያዝኩት ትንሽ መብራት እያንዳንዱን ሩብ ታዩታላችሁ። ለጊዜው ግን እዚያው ይቆይ።

መጀመሪያ አንድ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። በዚህ ሥራ ጥቂት ዓመት ከቆየሁ በኋላ አንድ ጥቁር መኪና መጣልኝ። ኮፈኑ ላይ፣ ጣራው ላይ፣ በሮቹ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ነበረው። ከእጥበት የሚመጣው ክብ ክብ ጭረት ማለቴ ነው። እስከዚያ ድረስ ብዙ የሠራሁት ጠንካራ ቀለም ያላቸውን መኪኖች ስለነበር፣ ያንኑ የለመድኩትን የማይክሮፋይበር ፓድ (ማሽኑ ላይ የሚገጠመውን ማሻ) እና ያንኑ ጠንካራ ኮምፓውንድ (ሻካራውን ፖሊሽ) አነሳሁ። ጭረቱ በአንድ ዙር ጠፋ። በጣም ደስ አለኝ። እንዲህ ቶሎ የሚሄድ ሥራ አይቼ አላውቅም ነበር። ጣሪያው ላይ በተሰቀሉት ረጃጅም አምፖሎች ሥር ኮፈኑ መስታወት መሰለ።

ባለቤቱ በማግስቱ ጠዋት ተመልሶ መጣ። መኪናውን ፀሐይ ላይ አቁሞ ጠራኝ። «ወንድሜ፣ መኪናዬ ላይ ጉም አርፎበታል እንዴ?» አለኝ። ሄጄ አየሁት። እውነቱን ነው። ጭረቱ የለም፤ ግን ጥቁርነቱም የለም። ላዩ ላይ ግራጫ ነገር ተነጥፏል። ጠጋ ብዬ በጎን ስመለከተው ያ ጉም አንድ ነገር ሳይሆን በሺዎች የሚቆጠር ብናኝ ጭረት ነው። ፓዱ በሄደበት አቅጣጫ ሁሉ ተሰምሯል። እኔው ነኝ የሠራሁት። ይቅርታ ጠይቄ መኪናውን መልሼ ወሰድኩት። ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ ከዚያ ጠዋት የመጣ ነው። በለስላሳ ቀለም ላይ ጭረት ማጥፋቱ ቀላሉ ሥራ ነው። ከባዱ፣ እጃችንን አንስተን ስንሄድ አዲስ ጭረት ትተን አለመሄድ ነው። ስለዚህ ፓድና ፖሊሽ የምንመርጠው «ምን ያህል ይፍቃል?» ብለን ሳይሆን «ምን ትቶ ይሄዳል?» ብለን ነው።

ለስላሳ ቀለም ስል ሲዳሰስ የሚለሰልሰውን ማለቴ አይደለም። በቀላሉ የሚጫረውን ነው። ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የምንሠራው ቀለሙን ራሱን አይደለም። በዛሬዎቹ መኪኖች ቀለሙ ሥር ነው ያለው። ከላይ የሚሸፍነው ክሊር የሚባለው ቀለም አልባ ሽፋን ነው። ጭረቱም፣ አንጸባራቂነቱም፣ ከፀሐይ የሚከላከለውም ነገር ያለው እዚያ ክሊር ውስጥ ነው። ውፍረቱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው። አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። በአጭሩ፣ ሙሉ መከላከያችሁ ከአንዲት የራስ ፀጉር ይሳሳል። ከዚያ ላይ በፋቅን ቁጥር የምንቀንሰው የማይመለስ ነገር ነው። ይህን ሁልጊዜ አስቡት።

የክሊር ጥንካሬ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ከጃፓን መኪኖች ብዙዎቹ፣ ለምሳሌ ሱባሩ፣ ማዝዳና ሆንዳ፣ በለስላሳነት ይታወቃሉ። የቶዮታ ኮድ 202 ጥቁር ደግሞ በዚህ ሥራ ላይ ባለ ሰው ሁሉ ዘንድ ስሙ የወጣ ነው፤ በጨርቅ ስታብሱት እንኳ ይጫራል። የጀርመኖቹ፣ እነ ኦዲና መርሴዲስ፣ በጠንካራነት ይነሳሉ። ግን እባካችሁ በመኪናው ስም ብቻ አትፍረዱ። አንድ ፓራፋንጎ ተጋጭቶ እንደገና ተቀብቶ ከሆነ፣ የፋብሪካው ክሊር አይደለም ያለው። የቀለም ቤቱ ክሊር ነው። በአንድ መኪና ላይ በሩ ጠንካራ፣ ፓራፋንጎው ለስላሳ ሆኖ አግኝቼ አውቃለሁ። ማርካው የሚነግራችሁ መጠርጠር ያለባችሁን ነው እንጂ እርግጡን አይደለም። እርግጡን የሚነግራችሁ ቀለሙ ራሱ ነው፤ እንዴት እንደምትጠይቁት ትንሽ ቆይቼ አሳያችኋለሁ።

አሁን ፖሊሽ ምን እንደሚሠራ እንረዳ። አማርኛችን «እሾህን በእሾህ» ይላል። የፖሊሽ ሥራ ልክ እንደዚያ ነው። ጭረትን የምናጠፋው በጭረት ነው። ጭረት ማለት ክሊሩ ላይ የተቆፈረ ትንሽ ቦይ ነው። ቦዩን አንሞላውም። ዙሪያውን ያለውን ክሊር እስከ ቦዩ ወለል ድረስ እንፍቃለን። የምንፍቀው በፖሊሹ ውስጥ ባሉት ደቃቅ ቅንጣቶች ነው። እነሱም በተራቸው የራሳቸውን ቦይ ይተዋሉ። ቅንጣቱ በቂ ደቃቅ ከሆነ የሚተወው ቦይ በጣም ትንሽ ስለሚሆን ዓይን አያየውም። ያኔ «አበራ» እንላለን። ቅንጣቱ ከቀለሙ አቅም በላይ ሻካራ ከሆነ ዓይን ያየዋል። ያኔ «ጉም» እንላለን።

ለስላሳ ቀለም ላይ ያለው ችግር ይኸው ነው። ጠንካራ ቀለም ላይ ምንም የማይተው ፖሊሽ፣ ለስላሳው ላይ ጥልቅ ቦይ ይተዋል። ፖሊሹ ብቻ አይደለም። ፓዱም ራሱ ይጭራል። ሰው የሚረሳው ይህን ነው።

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንቆይ፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው ገንዘቡንም ጊዜውንም የሚያጠፋው ፖሊሽ በመለዋወጥ ነው። ጉም ሲያይ ሌላ ጠርሙስ ይገዛል። አሁንም ጉም። ሌላ ጠርሙስ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። እኔ በለስላሳ ቀለም ላይ ጉም ካየሁ መጀመሪያ የምጠረጥረው ፓዱን ነው።

ፓድ በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ነው። የሱፍ፣ የማይክሮፋይበርና የስፖንጅ። የሱፍ ፓድ በክር የተሞላ ነው፤ እያንዳንዱ ክር ቅንጣት ተሸክሞ ይፍቃል። ማይክሮፋይበሩም እንደዚያው፣ ክሮቹ አጭርና ደቃቅ ይሁኑ እንጂ። ሁለቱም ለጠንካራ ቀለም ግሩም ናቸው። ለስላሳ ቀለም ላይ ግን ክሩ ራሱ መስመር ይተዋል። በጣም ደቃቅ ፖሊሽ ብትቀቡበትም ክሩ ክር ነው። ስለዚህ ቀለሙ ለስላሳ መሆኑን ካወቅሁ የሱፍና የማይክሮፋይበር ፓዴን ሳጥን ውስጥ እተዋቸዋለሁ። የተለየ ነገር የሚኖረው ጭረቱ በጣም የከበደ፣ በስፖንጅ አልሄድ ያለ ሲሆን ብቻ ነው። ያኔም ከኋላቸው ሁለት ተጨማሪ ዙር እንደሚጠብቀኝ አውቄ ነው የማነሳቸው።

ስለዚህ ዋናው ነገራችን ስፖንጅ ነው። ስፖንጅ ደግሞ ከደረቅ እስከ በጣም ለስላሳ ይሄዳል። እንዴት ትለዩታላችሁ? በጣታችሁ ተጫኑት። ደረቁ ይገፋችኋል። ለስላሳው ይሰምጥና ቀስ ብሎ ይመለሳል። ገጹን በጉንጫችሁ ዳስሱት። ሻካራ ከሆነባችሁ ለስላሳ ቀለምም ይሻክርበታል። እኔ አዲስ ፓድ ስገዛ ሁልጊዜ ይህን አደርጋለሁ። ጉንጭ ከጣት ይልቅ ሻካራነትን ቶሎ ያውቃል።

በመልኩ ግን በፍጹም አትመኑ። ይህን የምለው ብዙ ሰው ስለሚሳሳት ነው። የፓድ መልክ በዓለም ላይ የተስማሙበት ሥርዓት የለውም። የሌክ ካንትሪ የቆየው ቢጫ ስፖንጅ ደረቁ፣ ለከባድ ጭረት የተሠራው ነው። የሩፔስ ቢጫ ደግሞ ደቃቁ፣ ለማሳመር የተሠራው ነው። ሁለቱም ቢጫ ናቸው፤ ሥራቸው ግን ተቃራኒ ነው። ነጩም እንዲሁ። በሌክ ካንትሪ ነጭ የመካከለኛ ሥራ ፓድ ነው፤ በሩፔስ ነጭ እጅግ ደቃቁ ነው። «ጓደኛዬ ቢጫውን ተጠቀም ብሎኛል» ብላችሁ የሌላ ፋብሪካ ቢጫ ካነሳችሁ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። የፋብሪካውን ስምና ፓዱ ለምን እንደተሠራ አንብቡ። መልኩ ለማስታወስ ብቻ ይጠቅማችሁ።

ታዲያ የትኛውን እናንሳ? ለለስላሳ ቀለም ሁለት ዓይነት ስፖንጅ ይበቃችኋል። አንዱ መካከለኛ፣ ሌላው የማጨረሻ። መካከለኛው ጭረቱን ያነሳል። የማጨረሻው መካከለኛው የተወውን ያነሳል።

እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ ሰው «ቀለሙ ለስላሳ ከሆነ በጣም የለሰለሰውን ፓድ ልጠቀም» ይላል። ነገሩ ምክንያታዊ ይመስላል። ሁልጊዜ ግን አይሠራም። በጣም የለሰለሰ ፓድ የመፋቅ አቅም የለውም። የመጀመሪያው ዙር ትንሽ ጉም ትቶ ከሆነ፣ ያ ፓድ ጉሙን ማንሳት አቅቶት ላዩ ላይ ይንሸራተታል። በተለይ ፖሊሹ እየተሰባበረ የሚደቅ ዓይነት ከሆነ፣ እጅግ የለሰለሰው ፓድ ቅንጣቱን ሳይሰብረው ይቀራል። ያልተሰበረው ቅንጣት ደግሞ ይጭራል። በዚህ ምክንያት ለሁለት ሰዓት ስታገል የነበረውን ጉም፣ ፓዱን አንድ ደረጃ አደርቄ በአንድ ዙር ያነሳሁበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ለስላሳው ፓድ ሲያቅታችሁ «የባሰ ለስላሳ» ብቻ አትበሉ። ወደ ላይም ሞክሩ።

ወደ ፖሊሹ ልምጣ። ሁለት ዓይነት ቅንጣት አለ። አንደኛው ሲታሽ እየተሰባበረ እየደቀቀ የሚሄድ ነው። ሲጀምር ሻካራ፣ ሲጨርስ ደቃቅ። ይህኛው ጊዜውን ሳትሰጡት ካቆማችሁት ሻካራ እንደሆነ ይቀራል፤ ጉሙም ከዚያ ይመጣል። ሁለተኛው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መጠኑን የማይለውጥ ነው። እሱ ሲጀምርም ደቃቅ ነው፤ ሲጨርስም እዚያው ነው። የሜጓያርስ ኤም 205 በዚህ ይታወቃል። ለለስላሳ ቀለም እኔ ይህን ሁለተኛውን ዓይነት እመርጣለሁ። ምክንያቱም የመፋቅ አቅሙን የምወስነው በፓዱ ነው። መካከለኛ ስፖንጅ ላይ ሳደርገው ጭረት ያነሳል። ያንኑ ፖሊሽ የማጨረሻ ስፖንጅ ላይ ሳደርገው ያሳምራል። አንድ ጠርሙስ፣ ሁለት ፓድ። አብዛኛው ለስላሳ ቀለም በዚህ ያልቃል።

ሜንዘርና ደግሞ ፖሊሾቹን በቁጥር ነው የሚጠራው። 400 ለከባድ ጭረት ነው። 2500 መካከለኛ ነው። 3500ና 3800 የማጨረሻ ናቸው። ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር ፖሊሹ ይደቃል። ለስላሳ ቀለም ላይ 400ን አታንሱ እላለሁ። ብዙ ጊዜ በ3500 መጀመር ይቻላል። ስትሰሙት አይመስላችሁም፤ «የማጨረሻ ፖሊሽ እንዴት ጭረት ያነሳል?» ትላላችሁ። ለስላሳ ቀለም ላይ ያነሳል። ቀለሙ ስለሚፈቅድለት ነው። ደግሞም ይህ ቁጥር የሜንዘርና ነው። የሌላ ፋብሪካ ቁጥር ከእሱ ጋር አይነጻጸርም።

ፖሊሽ ውስጥ ዘይትም አለ። ዘይቱ ፓዱ እንዳይነክስ ያደርጋል። ግን ዘይት ቦይ ውስጥ ገብቶ ጭረትን ይደብቃል። እናንተ «ጠፋ» ትላላችሁ፤ ከሁለት እጥበት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ውጤት ከመፍረዳችሁ በፊት ዘይቱን አንሱ። ኢሶፕሮፒል አልኮል ከ10 እስከ 15 በመቶ ሆኖ በውሃ የቀጠነ ይበቃል። ለስላሳ ቀለም ላይ ጠንካራ አልኮል አትጠቀሙ። ክሊሩን ለጊዜው ያሳብጠዋል፤ በዚያ ሰዓት ጨርቅ ሲያልፍበት በቀላሉ ይጫራል። ደህና አድርጋችሁ አርጥቡ፣ ጨርቁን በራሱ ክብደት ብቻ ጎትቱ፣ አትሹት።

አሁን ቀለሙን እንጠይቀው። መኪናው ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ጥላ ውስጥ ቆሟል። ብረቱ ቀዝቅዟል። ኮፈኑ ላይ 50 በ50 ሴንቲሜትር የሚሆን ቦታ በወረቀት ፕላስተር አጥራለሁ። የመብራቴን ብርሃን በጎን አድርጌ ጭረቱን አየዋለሁ፤ ሳልነካው በፊት በደንብ አየዋለሁ። ከዚያ ከሁሉ ደካማውን ጥምረት አነሳለሁ። የማጨረሻ ስፖንጅ፣ ደቃቅ ፖሊሽ። አዲስ ፓድ ከሆነ ገጹን ሁሉ በፖሊሽ በስሱ አሸዋለሁ፤ ደረቅ የቀረ ቦታ ካለ እሱ ነው የሚጭረው። ቀጥሎ የአተር ፍሬ የሚያክል ሦስት ጠብታ። ማሽኑን ሳላበራ እነካካዋለሁ፣ ጠብታው እንዲሠራጭ። ከዚያ አበራለሁ። እጄ በዝግታ ይሄዳል፤ በሰከንድ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ቢሆን ነው። እያንዳንዱ መስመር የቀደመውን በግማሽ ይደርባል። ወደ ጎን፣ ከዚያ ወደ ላይና ወደ ታች። እንዲህ አራት ጊዜ። የመጨረሻውን ዙር ሳልጫን በማሽኑ ክብደት ብቻ እሄዳለሁ።

ጠርጌ፣ ዘይቱን አንስቼ፣ በመብራት አያለሁ። ጭረቱ ሁሉ ጠፍቶ ከበራ ጨርሻለሁ፤ መኪናው ሁሉ በዚህ ይሠራል። ግማሹ ጠፍቶ ግማሹ ከቀረ ፖሊሹን ሳልነካ ፓዱን ወደ መካከለኛ እቀይራለሁ። አጠገቡ አዲስ ቦታ ላይ እሞክራለሁ። አሁንም ከቀረ ያኔ ፖሊሹን እቀይራለሁ። ጭረቱ ጠፍቶ ጉም ከመጣ ደግሞ ምክንያቱን አንድ በአንድ ነው የምፈልገው። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አትቀይሩ። ፓዱንም፣ ፖሊሹንም፣ ፍጥነቱንም ከቀየራችሁ በኋላ ሲያምር የትኛው እንዳሳመረው አታውቁም። ሲበላሽም እንዲሁ። በየሙከራው ምን እንደተጠቀማችሁ በእርሳስ ፕላስተሩ ላይ ጻፉ። እኔ እስከ ዛሬ እጽፋለሁ።

ስለ ማሽኑ ብዙ አልልም። ሮታሪ የሚባለው ማሽን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሽከረከር። ለስላሳ ቀለም ላይ በፀሐይ የሚታይ ሞገድ ይተዋል፤ እጁ የሠለጠነ ሰው ካልሆነ አልመክርም። ዱዋል አክሽን የሚባለው ማሽን ግን እየተሽከረከረ ይርገበገባል፤ ስለዚህ አንድ ዓይነት መስመር አይተውም። የመርገብገቢያው ስፋት 8፣ 15 ወይም 21 ሚሊሜትር ሊሆን ይችላል። ሰፊው ሰፊ ቦታ ላይ ያፈጥናል፤ ጠባቡ ለጠባብ ቦታ ይመቻል። ለጉሙ ችግር ግን መድኃኒቱ አብዛኛውን ጊዜ ፍጥነቱን አንድ ሁለት ደረጃ መቀነስና እጅን ማቅለል ነው።

አንዳንድ ለስላሳ ቀለም ደግሞ ሙጫ ይመስላል። ፓዱ ይነክሳል፤ ማሽኑ ይንቀጠቀጣል። ፖሊሹ እንደ ሊጥ እየተጠቀለለ ይለጠፋል፤ ሲጠረግም አይለቅም። እዚህ ላይ ሰው ተናዶ ይጫናል። መጫን ያሞቀዋል፤ ሙቀቱ ያለሰልሰዋል፤ የባሰ ይነክሳል። የሚሠራው ተቃራኒው ነው። ብረቱ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ፍጥነቱን ቀንሱ። የምትሠሩበትን ቦታ አሳንሱ። ፓዱን ንጹሕ አድርጉ። ፓዱ ላይ አንዲት ጠብታ ውሃ እርጩበት፤ ብዙ ጊዜ ያቺ ብቻ ትበቃለች።

ፓዱን ንጹሕ አድርጉ አልኩ። ይህ ጉዳይ ግማሽ ሥራ ነው። አስቡት፣ ከክሊሩ የተፋቀው ዱቄት የት ይሄዳል? ፓዱ ላይ ነው የሚቀረው። ከደረቀ ፖሊሽ ጋር ተላቁጦ ይጠነክራል። ከዚያ በኋላ ፓዱ ስፖንጅ መሆኑ ይቀርና ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። ጠንካራ ቀለም ይህን ይችለዋል። ለስላሳው አይችለውም። ስለዚህ አንድ ቦታ ሠርቼ ወደሚቀጥለው ከመሄዴ በፊት ሁልጊዜ ፓዱን አጸዳለሁ። በለስላሳ ብሩሽ፣ ወይም ንጹሕ ፎጣ ላይ አስደግፌ ማሽኑን ለአፍታ በማብራት። አንድ ፓድ ለአንድ መኪና አይበቃም። ከየዓይነቱ አምስት ስድስት ያስፈልጋል። ስፖንጅ እየሞቀና እየረጠበ ሲሄድ ይልፈሰፈሳል፤ ከጀርባ ያለው ማጣበቂያም ይለቃል። እየቀያየራችሁ ሥሩ። ማታ በሳሙናና በለብ ባለ ውሃ እጠቡ። ደህና አድርጋችሁ ጨምቃችሁ ፊቱን ወደ ታች አድርቁት።

ፎጣው ላይ ደግሞ ልቆጣ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ተለፍቶ ያማረ ቀለም፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ በመጥፎ ፎጣ ሲጫር አይቻለሁ። አንጀቴ ነው ያረረው። ሰውዬው ጉሙ ከፓዱ መስሎት ሦስት ጊዜ ደግሞ ሠራ። ችግሩ እጁ ላይ የነበረው ጨርቅ ነበር። ለለስላሳ ቀለም ጸጉሩ ረዘም ያለ፣ ወፍራም፣ ጠርዙ ያልተሰፋ ማይክሮፋይበር ያዙ። ጠርዙ ላይ የሚሰፋው ክር ከጨርቁ ይልቅ ይሻክራል። የተለጠፈውንም ስም ቁረጡት። መሬት የነካ ፎጣ፣ ለአንዲት ሰከንድ ቢሆንም፣ ዳግም ቀለም አይነካም። ለጎማ ይሁን። ስታጥቡትም ጨርቅ ማለስለሻ ፈሳሽ አትጨምሩ፤ ክሮቹን ይሸፍናቸዋል። ጥርጣሬ ካለባችሁ አንድ ሙከራ አለ። የተሠራ፣ የበራ ቦታ ላይ ፎጣውን ብቻ አሥር ጊዜ ወዲያ ወዲህ አድርጉት። በመብራት እዩት። መስመር ካያችሁ ጥፋተኛው ተገኘ።

ከመጀመራችን በፊት የቀረበልኝ ጥያቄ ነበር። አንዲት እህት «በእጅ ማድረግ አይቻልም ወይ?» ብለውኛል። ለስላሳ ቀለም ላይ ይቻላል። ይህ ከጥቂት በጎ ጎኖቹ አንዱ ነው። ትንሽ ጭረት፣ ለምሳሌ በበር እጀታ ሥር ጥፍር የተወው፣ በትንሽ ለስላሳ ስፖንጅና በደቃቅ ፖሊሽ በእጅ ይቀልላል። ኮፈን ሙሉ ግን በእጅ አትሞክሩ። የእጅ ጫና እኩል አይሆንም፤ ጣቶቻችሁ ያረፉበት ቦታ መስመር ይሠራል።

ሌላ ወንድም ደግሞ ስለ ሴራሚክ ኮቲንግ አንስተዋል። ኮቲንግ ቀለሙን ጠንካራ አያደርገውም። ከላዩ አንድ ስስ ሽፋን ይጨምርበታል፤ ቀላል ጭረት ከቀለሙ በፊት ሽፋኑን ያገኛል። ለለስላሳ ቀለም ጥሩ ነገር ነው። ግን ከሥሩ ያለውን ሁሉ ያትመዋል። ጉም ካለ ጉሙን ይዞ ይቀመጣል። መጀመሪያ የቀለሙ ሥራ ይጠናቀቅ፣ ከዚያ ኮቲንጉ ይምጣ። ደግሞ ጭረቱን ያመጣው ያ የድሮ እጥበት ከሆነ እጥበቱ ካልተቀየረ በወራት ውስጥ እንደገና እዚህ እንገናኛለን። ሁለት ባልዲ፣ አንዱ የሳሙና፣ አንዱ የጓንት ማጠቢያ። ጓንቱ አሸዋ ይዞ ወደ ቀለሙ እንዳይመለስ።

ስለ ጥልቅ ጭረት ደግሞ ይህን ልበል። ጥፍራችሁን በቀስታ ስታሳልፉበት ጥፍሩ ከያዘ አትከተሉት። እስከ ወለሉ ለመድረስ ዙሪያውን ሁሉ ማውረድ አለባችሁ፤ ያ ከክሊሩ ብዙ ይበላል። ጫፎቹን አለስልሳችሁ ተዉት። መብራት ያኔ አይሰበርበትም፤ ከሁለት እርምጃ ርቀት አይታይም። በተለይ የበሩ ጠርዝ፣ የኮፈኑ ጉብታ መስመር፣ የፓራውልቱ ማዕዘን ላይ ተጠንቀቁ። እዚያ ክሊሩ ከሁሉም ቦታ ይሳሳል። እኔ ሁልጊዜ በፕላስተር እሸፍናቸዋለሁ። ፓዱ ላይ የመኪናውን ቀለም ካያችሁ ደግሞ ወዲያው አቁሙ። ወይ መኪናው ክሊር የሌለው አሮጌ ቀለም ነው፣ ወይ ክሊሩን ጨርሳችሁ ቀለሙ ውስጥ ገብታችኋል።

እሺ፣ አሁን ወደ በሩ እንሂድ። የመጀመሪያው ሩብ አልተነካም፤ የሸረሪት ድሩ እንዳለ አለ። ሁለተኛው በማይክሮፋይበር ፓድና በጠንካራ ኮምፓውንድ የተሠራ ነው። ያ የዚያን ጊዜው የእኔ ሥራ ነው። ሦስተኛው በመካከለኛ ስፖንጅና በደቃቅ ፖሊሽ ነው። አራተኛው እንደ ሦስተኛው ተጀምሮ በዚያው ፖሊሽ፣ በማጨረሻ ስፖንጅ የተጨረሰ ነው። ቅድሚያ በዚህ በጣሪያው አምፖል ብቻ እዩት። ሁለተኛውና አራተኛው አንድ ይመስሏችኋል። ከዚያ አምፖሉን አጠፋለሁ፤ ይህን ትንሿን መብራት እሰጣችኋለሁ። በጎን አድርጋችሁ ያዙት፣ ጎንበስ በሉ፣ ከሁለተኛው ወደ አራተኛው ቀስ ብላችሁ አሳልፉት። በሁለት ረድፍ ኑ፤ ለሁላችሁም ይደርሳል። በእጃችሁ ብቻ አትንኩት፤ ለስላሳ ነው።